የደረጃውን በር የዘጋው እጅ

አሮጊቷ እቴቴ ከሕፃናት ማቆያው ደረጃ ግርጌ በጎኗ ወድቃ ሞታለች። ይዛው የነበረው ሳፋ አጠገቧ ተገልብጧል። ፎቅ ላይ አጥባ ያመጣቻቸው መጫወቻዎች ከላይኛው እርከን እስከ ታችኛው ተበትነዋል፤ ውሃቸው እንኳ ገና አልደረቀም። አንዲት ቢጫ ዳክዬ ተንከባልላ የጫማ መደርደሪያው ሥር ገብታለች።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አለቃዋ ቀድሟት የማሸጊያ ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ወንፊት» ይሏታል፤ እጇ የገባውን ነገር ሁሉ ሳትነፋ አትለቅምና። ስሙን ታውቀዋለች፣ አትከፋበትም። አለቃዋንም ታውቀዋለች፤ ከምሳ በኋላ የሚመጣ ሞት ሁሉ ለእሱ አደጋ ነው።

«አሮጊት ናት፤ ጉልበቷ በሽተኛ ነው፤ ሳፋ ተሸክማ ደረጃ ወረደች፣ ወደቀች። አለቀ» አላት። «ግን የሕፃናት ማቆያ ከፍቶ እንዲህ ያለ ደረጃ መተው ቸልተኝነት ነው። ቤቱ ይታሸጋል፣ ታናሽ እህቷም ትጠየቅበታለች።»

«ከማሸጋችን በፊት አንዴ ልየው።»

«ምኑን ነው የምታዪው?»

«ካየሁት በኋላ እነግርዎታለሁ» ብላ በጎኑ አልፋው ገባች።

የሟች ታናሽ እህት መሬት ላይ፣ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጣለች። ቤቱን ከእህቷ ጋር የምታስተዳድረው እሷ ናት። ሕፃናቱ «ኩኩ» ስለሚሏት ሰፈሩም ኩኩ ይላታል። ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን አላለቀሰችም።

«እህቴን ገና ሳላነሣት ቤቴን ሊያሽግ ነው አሉ» አለች። «ይሞክራታ። ከዚህ ደጃፍ ንቅንቅ አልልም። የነዚህ ሁሉ ልጆች እናቶች ሥራ የሚውሉት ይህ በር ስለሚከፈት ነው።»

«ማንም አያሽገውም፣ ገና አልጨረስኩም» አለቻት ወንፊት። «ዛሬ ምን ነበር?»

«የትውውቅ ቀን ነበር። እኛ ቤት ልጅ ዝም ብሎ አይገባም። ወላጅ ይመጣል፣ ከልጁ ጋር መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ይጫወታል። እኔ ወላጁን አወራለሁ። እቴቴ ልጁን ፎቅ ወስዳ እጁን ታስታጥበዋለች፤ ሲወጣና ሲወርድ ታየዋለች። ‹ወላጅ አፉን አሳምሮ ይመጣል፤ የልጁን አካሄድ ግን ማሳመር አይችልም› ትላለች። እሷ እንቢ ካለች እንቢ ነው።»

«ዛሬስ እንቢ አለች?»

«ሦስት ቤተሰብ ነው የመጣው፤ አሁንም ሳሎን አሉ። ወጥ ቤት መጣችና በጆሮዬ ‹አንደኛውን ቤተሰብ አልቀበልም፤ መጀመሪያ ግን ራሳቸውን ልጠይቅ› አለችኝ። የትኛውን ብላት፣ ‹ሳልጠይቅ ሰው አላማም› ብላ ወጣች። ከዚያ የሰማሁት ስትወድቅ ነው።»

ወንፊት ደረጃውን ወጣች። ከላይ እስከ ወገብ የሚደርስ የሕፃናት መከላከያ በር አለ፤ ተዘግቷል። ገፋችው፣ ሳበችው፣ ነቀነቀችው፤ በመጨረሻም ጣቷን ቆነጠጣት።

«ከሥር ያለውን ቁልፍ ተጫኚው፣ ከላይ ደግሞ ብድግ አድርጊው» አለቻት ኩኩ ከታች። «ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሕፃን እንዳይከፍተው ተብሎ ነው።»

«አዋቂም አልከፈተውም» አለች ጣቷን እየነፋች። «ስትደርሺ ይህ በር እንዲህ ተዘግቶ ነበር?»

«ተዘግቶ ነበር። እኔ የነካሁት እሷን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የወጣ ሰው የለም።»

«እህትሽ እጇ ሲሞላ እንዴት ነበር የምታልፈው?»

«ትጠራኛለች። ሮጬ እከፍትላታለሁ፣ ስታልፍ እዘጋላታለሁ። ጉልበቷ አይታጠፍላትም፤ ሳፋ መሬት አስቀምጣ ማንሣት አትችልም ነበር።»

«ዛሬ ጠራችሽ?»

«አልጠራችኝም» አለች ኩኩ። ያን ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ።

ፎቁ ላይ መታጠቢያ ቤትና በረንዳ አሉ። ከበረንዳው በቤቱ ጎን በኩል ወደ ግቢ የሚያወርድ ሌላ ደረጃ አለ፤ የበረንዳው በር አልተቆለፈም። ወንፊት ሁሉንም አየች። ሬሳው ተነሥቶ ወደ መኝታ ክፍል ከገባ በኋላ እንግዶቹን አንድ በአንድ ፎቅ ላይ ለማነጋገር ወሰነች። የደረጃውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችውና እነሱን እያስቀደመች ታይ ጀመር።

መጀመሪያ የወጣችው ባንክ የምትሠራ እናት ናት። በሩን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

«ከአሮጊቷ ጋር ተጣልተናል፣ አልክድም» አለች ሳትጠየቅ። «በዚህ ቀሚስ መሬት ቁጭ በይ አለችኝ። ልጅሽን ማን ነው የሚያጥበው አለችኝ። ሠራተኛዋ ብላት ሳቀችብኝ። ተቃጠልኩ! ፊት ለፊት ግቢ ወጥቼ ለባለቤቴ ደውዬ እየተሳደብኩ ነበር፤ ዘበኛውን ጠይቁት፣ ጆሮውን ይዞ ነበር።»

ዘበኛው ተጠየቀ፤ አንዳንዱን ስድብ ሳይቀር አስታወሰ።

ቀጥሎ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉት ጡረተኛ መምህር መጡ። ቀኝ እጃቸው በሕመም ሽባ ሆኖ ከጎናቸው ተንጠልጥሏል። በሩን በግራቸው ሊዘጉት ታገሉ፣ ታገሉና ተዉት።

«ልጁ ተከትሎኝ እንዳይወጣ ብዬ ነበር» አሉ። «ይህ ለሁለት እጅ የተሠራ ነው።»

«አባባ፣ እሷ ስትወድቅ የት ነበሩ?»

«ሳሎን፣ የጓሮው መስኮት አጠገብ። ልጁ ጭኔ ላይ አንቀላፍቶ። ዥዋዥዌው ባዶውን ስለነበር ቀስቅሼ ላጫውተው አሰብኩና ሰነፍኩ። ምናለ ተነሥቼ በነበር፤ ምናልባት እደርስላት ነበር።»

«እርስዎ ምንም አላጠፉም» አለቻቸው።

በመጨረሻ የጥርስ ሐኪሙ መጣ፤ ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ልጁን በግራ ክንዱ አቅፏል። ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ ሰው የሚወደው ዓይነት ሰው ነው። «እንዴት ያሳዝናል! እንደ እናት ነበር የተቀበለችን» እያለ ወጣ። ወሬውን ሳያቋርጥ፣ ዓይኑንም ሳይመልስ፣ ነፃ እጁ ወደ ኋላ ዞረ። በጣቱ ቁልፉን ተጫነ፣ በጉልበቱ በሩን ብድግ አደረገው። ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

ወንፊት ፊቷን አልቀየረችም። «እናቷስ?»

«ስትወልዳት ሞተች። እናቴ ቤት ነው የምንኖረው፤ ተወልዳ ያደገችውም እዚያው ነው። አንድ ፎቅ እንኳ የለውም፤ ደረጃ የሚባል ነገር አታውቅም።»

«ዛሬ ከዚህ በፊት ወደዚህ ፎቅ ወጥተዋል?»

«ኧረ አልወጣሁም። ልጄን አሮጊቷ ናት ያስታጠበቻት። ስትወድቅ እኛ ጓሮ ዥዋዥዌ ላይ ነበርን።»

ልጅቷ ልውረድ ብላ ተወራጨች። አወረዳት። በሩን ከፍቶ ሊያነሣት ሲዞር ቀደመችው። ጫፉ ላይ ስትደርስ ፊቷን ወደ ፎቁ መለሰች፣ በሆዷ ተኛች፣ እግሯን ወደ ታች እየሰደደች አንድ እርከን፣ ሌላ እርከን ወረደች። አባትየው ተንደርድሮ አፈፍ አደረጋት።

አለቃው ሳሎን በር ላይ ጠበቃት። «ሐኪሙን ልቀቂው፤ የተከበረ ሰው ነው፤ ስልክ እየተደወለልኝ ነው።»

«ይቆያል።»

«ትእዛዝ ነው የምልሽ!»

«ሰማሁ። እኔም ልደውል ነው፤ ከዚያ በኋላ ከፈለጉ እኔን ያባሩኝ።»

ደውላ ስትጨርስ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ከሕፃናት ወንበር በቀር ሌላ ስለሌለ የባንክ ሠራተኛዋም፣ መምህሩም፣ ሐኪሙም ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደርሶ ተቀመጡ። አለቃው መቆም መረጠ። ትንሿ ልጅ ኩኩ ትከሻ ላይ አንቀላፍታለች።

«እቴቴ ብቻዋን አልወደቀችም» ብላ ጀመረች ወንፊት። «ሁለት እጇ ሳፋ ይዟል። የደረጃው በር ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሳፋውን አስቀምጣ ዘጋችው እንዳንል፣ ጉልበቷ አይታጠፍም። እህቷን አልጠራችም። ስለዚህ ፎቅ ላይ በሩን የከፈተላት ሰው ነበረ። አለፈች፣ ገፋት፣ ከኋላዋ ዘጋው። በበረንዳው ደረጃ ወረደ።»

«ገድሎ ሲያበቃ በር መዝጋት ምን ይሉታል?» አለ አለቃው።

«እኔም እዚያ ላይ ነው የቆምኩት። ነፍሰ ገዳይ ይሸሻል እንጂ በር አይዘጋም። አጠገቡ ሕፃን ያለ ወላጅ ግን ይዘጋል። ሳያስብ፣ እጁ ራሱ ይዘጋል። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራው ልጁን ከደረጃ መጠበቅ የለመደ ሰው ብቻ ነው።»

የባንክ ሠራተኛዋ አንገቷን አቀረቀረች።

«ሦስታችሁንም በዚያ በር አሳልፌያችኋለሁ። እሷ በሩ መኖሩንም አላየች። አባባ ሊዘጉት አልቻሉም። ዶክተር ግን ልጅ አቅፈው፣ ሳያዩ፣ በጉልበትዎ ዘጉት። ደረጃ የሌለው ቤት ውስጥ ይህን ማን አስተማረዎት?»

«በር ስለዘጋሁ ነፍሰ ገዳይ ልባል ነው?» አለ ሐኪሙ ፈገግ ብሎ።

«ስለዋሹም ነው። ዥዋዥዌ ላይ ነበርን አሉ፤ አባባ በመስኮት ሲያዩት ባዶ ነበር። ልጄ ደረጃ አታውቅም አሉ፤ ልጅዎ በሆዷ ተኝታ በእግሯ ወረደች። ያ ከሰማይ አይወርድም፤ ደረጃ ያለው ቤት ውስጥ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ደጋግሞ፣ እጇን ይዞ አስተምሯታል። እቴቴ እጇን ስታስታጥባት ያየችው ይህን ነው። የልጅቷን አካሄድ አየች፣ የእርስዎን ወሬ ሰማች፣ አልገጠመላትም። ሰው ሳትጠይቅ ስለማታማ እርስዎኑ ጠየቀች። ማን ናት ያስተማረቻት? እናቷ የት አለች?»

ሐኪሙ ፈገግታው ጠፋ።

«እኔም ያንኑ ለሌሎች ፖሊስ ጣቢያዎች ደውዬ ጠየቅሁ። አባቷ ይዟት የጠፋ ልጅ የምትፈልግ እናት አለች። ባለ ፎቅ ቤት ነው የምትኖረው። መንገድ ላይ ናት።»

«ልጄን ሊነጥቁኝ ነበር!» አለ ሐኪሙ፤ ከትንሹ ወንበር ሲነሣ ወንበሩ ተከትሎት ተነሣ። «ምን አገባት? አንዲት አሮጊት የሰው ትዳር ውስጥ ምን አገባት?»

«ያገባታል» አለች ኩኩ ልጅቷን እንዳትቀሰቅስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልጅህን ልትሰጠን መጣህ እኮ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያገባታል።»

ሐኪሙን ይዘውት ወጡ። አለቃው የማሸጊያውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ይቅርታ መሰል ነገር አጉረመረመ፤ ኩኩ አልተቀበለችውም።

«እህቴን እቀብራለሁ፤ ከዚያ እከፍታለሁ» አለችው። «ወላጅ ማጣራቱም ይቀጥላል። እንዲያውም ይብሳል።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ እናትየው መጣች። ጫማዋ ተቀያይሮ፣ ነጠላዋ ተጎትቶ፣ ልጇን ስታይ ተንደረደረች። እጇን ዘረጋች። ኩኩ ግን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸች።

«ተቀመጪ። የምጠይቅሽ አለ።»

«ኧረ ተይ!» አለ አለቃው። «እናቷ ናት፤ ወረቀቷን አይቻለሁ፤ ስጫት።»

«አባቷም ወረቀት ነበረው» አለች ኩኩ። «እህቴ የሞተችው ስለጠየቀች ነው። ቤቷ ውስጥ፣ በሞተችበት ቀን፣ ሳልጠይቅ ልጅ አላስረክብም። ከፈለግህ እሰረኝ።»

አለቃው ወደ ወንፊት ዞረ። ወንፊት ከሕፃናቱ ወንበር አንዱን አንሥታ ለእናትየው አቀረበችላት።

«ስትተኛ ምን ትይዛለች?» አለች ኩኩ።

እናትየው ለማሰብ አልቆመችም። «ጆሮዬን» አለች፤ እንባዋ ወረደ። «የግራ ጆሮዬን። እስኪቀላ ድረስ።»

ኩኩ ልጅቷን ካቀፈቻት ጊዜ ጀምሮ ጆሮዋ ላይ የተጣበቁትን ትንንሽ ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀች፤ ጆሮዋ ፍም መስሏል። ልጅቷን አሳልፋ ሰጠቻት። ትንሿ እጅ በእንቅልፍ ልቧ አየሩን ዳሰሰች፣ የእናቷን አንገት ነካች፣ ወጣች፣ ጆሮዋን አገኘችና ጨበጠችው።

ያን ጊዜ ኩኩ መሬት ላይ ተቀምጣ እህቷን አለቀሰች።