የጋሽ ልደቱ ስንዝር

«ይሄ እኮ የኔ በሶ ነው!»

ወይዘሮ ማስተዋል የፕላስቲክ ዕቃውን ክዳን እንደያዘች ልጇ ላይ አፈጠጠች። ሔራን ቀና አላለችም። በውሃና በስኳር ጠንከር ተደርጎ ከተለወሰው በሶ ቆንጥራ በመዳፎቿ መሃል አድቦለቦለችና የሽንብራ ፍሬ ያከለውን ሊጥ መንጠቆው ላይ ሰካችው።

«አልቋል ያልሽኝ በሶ አይደለም?»

«አልቋል አላልኩም። ቀንሷል ነው ያልኩሽ።»

«ለመሆኑ ዓሣ በሶ ይበላል?»

«ካርፕ ይበላል። ትልም ይወዳል። ትል ይሻልሻል?»

እናቷ ክዳኑን ቶሎ ብላ መለሰችላት። «በሶው ይሁን።»

ቦታው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ነው። ታክሲው ካወረዳቸው በኋላ ዳገቱን በኮብልስቶን፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ደግሞ በባሕር ዛፎቹ መሃል በአፈር መንገድ ሃያ ደቂቃ ወጥተዋል። ድሮ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ ነበር። ሥራው ሲቆም ምንጩና ክረምቱ ተባብረው ሞሉትና ኩሬ ሆነ። የሰፈሩ ሰዎች የካርፕ ዓሣ ጫጩት አምጥተው ጨመሩበት፣ የአጥማጆች ክበብ አቋቋሙ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ልጆች ማስተማር ጀመሩ። ዛሬ የቤተሰብ ቀን ነው። በዚህ ቀን ሥራው ይገለበጣል፤ ልጅ ያስተምራል፣ ወላጅ ይማራል።

ሔራን እናቷን ለማምጣት ሦስት ሳምንት ለምናለች። ወይዘሮ ማስተዋል የመጣችው ግን ለጨዋታ አልነበረም። ጥቁር የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ፤ የቱቶሪያል መመዝገቢያ ቅጽ። ሔራን ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ቅጹ ተሞልቶ የሚመለሰው ሰኞ ነው፤ እናቷ ደግሞ ቅዳሜን ለዚያ አስባዋለች።

«ቅዳሜን የሚያህል ቀን የሚበላው ነገር ምን እንደሆነ እስቲ በዓይኔ ልየው» ብላ ነበር እናቷ። «አሥር ቅዳሜ ሄደሽ አንድ ዓሣ ይዘሽ ገብተሽ አታውቂም። እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሔራን መልሱን ታውቀዋለች፤ ማስረዳቱ ነው የቸገራት። ስልሳ ሁለት ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ዝም ያለ ልጅ እንዳላወቀ ነው የሚቆጠረው። እጇን አውጥታ መልስ ስትሰጥ እንኳ መምህሩ «አይሰማም!» ይላታል፤ ክፍሉ ይስቃል፤ እሷም ትቀመጣለች። ካባው ላይ ግን ዝምታ ሥራ ነው። የክበቡ ሰብሳቢ ጋሽ ልደቱ ዕድሜያቸውን በሐይቆች ዳር የጨረሱ ጡረተኛ የዓሣ ባለሙያ ናቸው። ገና በመጀመሪያው ቀን አይተዋት «ይቺ ልጅ ሳይነገራት ታውቃለች» አሉ። በአራተኛው ቅዳሜ መለኪያውን ሰጧት።

መለኪያው ጣውላ ነው። ላዩ ላይ የጋሽ ልደቱ እጅ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ተዘርግቶ በሰማያዊ ቀለም ተስሏል። ከዚያ ስንዝር ያነሰ ዓሣ ወደ ውሃው ይመለሳል። «ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ነው መለካት ያለበት» ብለው ጣውላውን አስታቀፏት።

«ይግቡ እትዬ ማስተዋል! አንድ ሰው የቀረው!»

የጓደኛዋ የሀውላ አባት ሙዘይን ነው። ሚኒባስ ነጂ ስለሆነ ሰው መቀመጫ ሲፈልግ ካየ አያስችለውም። ጃኬቱን ድንጋይ ላይ አንጥፎላታል። ሀውላ አጠገቡ ተቀምጣ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ወላሂ አባዬ፣ ሼም ነው!»

«ምን አጠፋሁ? ጋቢና እኮ ነው የሰጠኋቸው።»

ወይዘሮ ማስተዋል ሳትወድ በግድ ፈገግ ብላ ተቀመጠች። የቢሮ ጫማዋን ከጭቃው ራቅ አድርጋ እግሮቿን ገጠመች። ሔራን የቀርከሃውን ዘንግ አስያዘቻትና ክሩ ላይ የታሰረውን ቡሽ አሳየቻት።

«ቡሹን ብቻ ነው የምታይው። ሲንቀጠቀጥ ዝም። ሲጠልቅ ትስቢያለሽ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ምንም።»

«ምንም? ቁጭ ብሎ ምንም?» የቦርሳዋ ስልክ ጮኸ። አነሳችው። «አቤት? … የለሁም ቢሮ … ማኅተም ከሌለውማ አልቀበልም፣ ሰኞ ያምጡት …»

እናቷ መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው። አንድ ፊርማ ለጎደለው ደብዳቤ መዝገብ ከፍታ አታውቅም። ሔራን ስልኩ እስኪዘጋ ጠበቀችና እጇን ዘረጋች። እናቷ ስልኩን አየት፣ ልጇን አየት አደረገች። ሰጠቻት። ሔራን ድምፁን አጥፍታ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው።

አንድ ሰዓት ያህል ምንም አልሆነም። ማዶ ጋሽ ልደቱ ከአንዲት ትንሽ ልጅ አያት ጋር የተወሳሰበ ክር ይፈታሉ። ወይዘሮ ማስተዋል ሁለት ጊዜ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ማየቷን ተወች።

«ለምን በሜትር አትለኩም?» አለች፣ የሔራን ጭን ላይ ያለውን ጣውላ እያየች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ሔራን አስተዋለች።

የመለሰላት ሙዘይን ነው። «መጀመሪያ ሜትርም ጣውላም አልነበረም እኮ፣ እትዬ። ከስንዝር ያነሰ ይመለሳል ተባባልን፤ አለቀ። ታዲያ ሁሉም የራሱን ስንዝር ይዞ መጣ። የኔ ስንዝር ሌላ፣ የሚስቴ ሌላ፣ የልጆቹማ ምኑ ይወራል! ማንም አልዋሸም፤ ሁሉም ለካ። በዓመቱ ካባው ውስጥ የቀረው እንቁራሪት ነው። እንቁላል ያልጣለውን ሁሉ በልተነው! ከዚያ ነው ጫጩት እንደገና ስንጨምር ጋሽ ልደቱ እጃቸውን ጣውላ ላይ ያሳሉት። አንድ ስንዝር፣ የሁላችን።»

«አባዬ፣ ዓሣው ሰማህ» አለች ሀውላ።

ቡሹ ተንቀጠቀጠ።

«እማዬ።»

«አየሁት። ልሳብ?»

«ቆይ።»

«ሔርዬ፣ እየሄደ ነው!»

«ቆይ … ቆይ … አሁን!»

ወይዘሮ ማስተዋል ከተቀመጠችበት ተነስታ ዘንጉን ወደ ሰማይ ወረወረችው ማለት ይቻላል። ክሩ ተወጠረ፣ ቀርከሃው ጎበጠ፣ አንድ ወርቅማ ነገር ውሃውን ሰንጥቆ ወጣ። «እመቤቴ ማርያም!» ብላ ጮኸች። አንድ እግሯ ከነጫማው ውሃው ውስጥ ገብቷል። ሔራን በመረብ ተቀበለችው።

እናቷ ሳቀች። አፏን ሳትሸፍን፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ነበር የሳቀችው። አባቷ ለሥራ ሰመራ ከሄደ ወዲህ ሔራን ይህን ሳቅ ቤታቸው ውስጥ ሰምታው አታውቅም።

«ለአባትሽ ፎቶ ላኪለት! በእጄ ያዝኩ በይው! ዛሬ እራታችን ይሄ ነው።» ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «እንደዚህ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም? ይሄን ይዤ ቤት ከገባሁማ ቅዳሜሽን የሚነካ የለም፤ ማርያምን!»

ሀውላ የሔራንን ጎን በክርኗ ወጋ አደረገች። «ሰማሽ? አለቀ!»

ሔራን ጣውላውንና እጆቿን ውሃ ነክራ ዓሣውን አስተኛችው። አፉን አውራ ጣቱ ጫፍ ላይ አደረገች። ጭራው ትንሿ ጣት ጋ አልደረሰም። አነሳችውና እንደገና፣ ቀስ ብላ አስተኛችው። የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ሰማያዊ ቀለም ከጭራው ባሻገር ቀረ።

ሀውላ አጎንብሳ አየች። «እንዴ» አለች በሹክሹክታ። «ጭራውን ሳብ አድርጊዋ።»

«ሳብኩት።»

«በቃ ሞልቷል በያቸው። ሰውየው ማዶ ናቸው። ማን ያያል?»

«አንቺ አየሽ።»

«እኔ ጓደኛሽ ነኝ፣ ደረቅ! ለአንድ ዓሣ ብለሽ ልትቀሪብኝ ነው? ቅዳሜሽ እኮ ነው!»

«ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» ወይዘሮ ማስተዋል ጎንበስ አለችና እጇን ዓሣው ላይ ዘረጋች። ስንዝሯ ከአፉ ጀምሮ ጭራው ጫፍ ሳይደርስ አለቀ። «ይኸው! ስንዝር፣ ሞልቶ የተረፈ።»

እውነቷን ነበር። በእሷ እጅ ሞልቷል።

ጫጫታውን ሰምተው ጋሽ ልደቱ መጡ። ጣውላውን አላዩም። ዓይናቸው የወይዘሮ ማስተዋል እርጥብ ጫማ ላይ ነበር፤ በፈገግታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንኳን ደስ ያለዎ! የመጀመሪያዎ ነው?» አሉና ወደ ሔራን ዞሩ። «እሺ፣ ለኪያችን ምን አለች?»

ጎንበስ ብለው ቢያዩት ምናለ ብላ ተመኘች። ጎንበስ አላሉም። ዓሣው ጉንጩን ከፈተ፣ ዘጋ። ብዙ ማቆየት አይቻልም። ሀውላ ወደ ሰማይ ትመለከታለች። እናቷ አሁንም ፊቷ በርቷል፤ ፎቶ እንዲያነሳት ስልኳን ለሙዘይን ስታቀብል ጣቷ ላይ የበሶ ሊጥ ተጣብቋል።

«አንድ ጣት ይጎድለዋል» አለች ሔራን።

«አይሰማም» አሉ ጋሽ ልደቱ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው።

ያቺን ቃል ታውቃታለች። ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ትቀመጥ ነበር።

«አንድ ጣት ይጎድለዋል!»

ከካባው ግድግዳ ድምጿ ተመልሶ መጣ። ማዶ ያሉት ሰዎች ቀና አሉ። የወይዘሮ ማስተዋል ሳቅ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«በአንድ ጣት?»

«በአንድ ጣት፣ እማዬ።»

«በዚህ ሁሉ ሰው ፊት …»

«የያዘው ሰው ነው የሚመልሰው» አለች ሔራን። ዓሣውን በሁለት እጇ አንስታ ዘረጋችላት። «እጅሽን መጀመሪያ አርጥቢ። ከዚያ ውሃው ውስጥ ዝም ብለሽ ያዢው። ሲበረታ ራሱ ይሄዳል።»

ሙዘይን የተቀበለውን ስልክ ዝቅ አደረገ። ከዚያ ወይዘሮ ማስተዋል ተንበረከከች። ዓሣው መዳፏ ላይ ቆየ። የማይሄድ መሰለ። ከዚያ አንዴ ተወራጨና አረንጓዴው ውሃ ውስጥ ጠፋ። እሷ ግን ባዶ እጇን ከውሃው ሳታወጣ ትንሽ ቆየች።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ እናቷ ከፊት ከፊት ሄደች። እርጥቡ ጫማዋ በየእርምጃው ጢቅ ጢቅ ይላል። ሔራን ከኋላዋ ጣውላውን ታቅፋ ትከተላለች። ይቅርታ ልጠይቅ ይሆን ብላ አሰበች፤ ምን ብላ እንደምትጠይቅ ግን አላገኘችውም።

ታክሲ መያዣው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት እናቷ ቆመች። «ጫማዬ ይድረቅ።» ሁለት ሻይና ሁለት ቦምቦሊኖ አዘዘች። ጫማዋን አውልቃ ፀሐዩ ላይ አቆመችው። ከቦርሳዋ ቅጹን አወጣች። ሔራን የያዘችውን ቦምቦሊኖ ሰሃኑ ላይ መለሰች።

እናቷ ግን ቅጹን ገልብጣ ባዶውን ጀርባ ወደ ላይ አደረገች። ግራ እጇን እስከቻለችው ድረስ ዘረጋችና በእስክሪብቶ ዙሪያውን ሳለችው።

«ለኪው።»

ሔራን ወረቀቱን ጣውላው ላይ አስተኛች። አውራ ጣትን ከአውራ ጣት ጋር አገጣጠመች። ማየት አላስፈለጋትም፤ ግን አየች።

«ይጎድላል።»

«የኔ?»

«ያንቺ። ሁለት ጣት።»

ወይዘሮ ማስተዋል ሻይዋን ፉት አለች። «እኔም ተመላሽ ነኛ!» አለች። የከንፈሯ ጫፍ ተንቀሳቀሰ። «ሰዉ መዝገብ ቤት መጥቶ ‹አንዲት ማኅተም ናት፣ ምን አለበት?› ሲለኝ የምመልሰውን ብታይ። ለካ ወዲያ ማዶ መቆም እንዲህ ነው።» ከዚያ ድምጿ የቤቱን ድምፅ ሆነ። «ቢሆንም ዓሣው ቤት አልገባም፣ ሔርዬ። ሚኒስትሪ ደግሞ አይጠብቅም።»

«አውቃለሁ።»

ሔራን ወረቀቱን ገለበጠችው። ስሟ ቀድሞ ተሞልቷል፣ በእናቷ የተስተካከለ የመዝገብ ቤት ጽሕፈት። ከሥሩ ሁለት ባዶ ሳጥኖች አሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ እሁድ ከሰዓት። እሁድ ከሰዓት የሷ ነው። ከሀውላ ጋር ፊልም የሚያዩበት፣ ልብስ ሳይታጠብ፣ መጽሐፍ ሳይገለጥ የሚያልፍ ብቸኛው ሰዓት። ሀውላ ስትሰማ ምን እንደምትል ገመተች።

እስክሪብቶውን ከእናቷ ፊት አነሳች። እሁድ ከሰዓት ላይ ምልክት አደረገች፤ እንዳይሰረዝ አጥብቃ። ወረቀቱን አዙራ፣ የቦምቦሊኖውን ሰሃን ገፋ አድርጋ እናቷ ፊት አስቀመጠችው።

«የወላጅ ፊርማ እዚህ ጋ ነው» አለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ሰዎች ዞር ብለው አዩዋት። ተሰምታ ነበር።