የመጀመሪያዋ ኤክስ

«ደብተሩን አምጪ» አሉ የዘጠነኛ ክፍሎች ኃላፊ አቶ ገብረትንሣኤ፣ እጃቸውን ዘርግተው።

ተስኒም ደብተሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። የክፍል አለቃ ናት፤ አስተማሪ በማይኖርበት ሰዓት የሚረብሹትን ልጆች ስም የምትጽፈው እሷ ናት። ከስሙ ፊት አንድ ኤክስ፣ ካላረፈ ሁለት፣ ካስቸገረ ሦስት። እውነቱን ለመናገር ይህን ሥልጣን ትወደው ነበር።

«ቃለአብ ስንት ጊዜ ተጽፏል?»

«አሥራ ዘጠኝ ጊዜ፣ ቲቸር።»

«በቃ! ታዲያ ማይክሮስኮፑን ሌላ ማን ይሰብረዋል? ስምንት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ለልጁ የዘንድሮው ትምህርት አብቅቷል።»

ማይክሮስኮፑ ሰኞ ከሰዓት የላብራቶሪው ወለል ላይ ተሰብሮ ነው የተገኘው። ሲሰበር ያየ የለም። መጨረሻ ላብራቶሪ የገባው የእነ ተስኒም ክፍል ነበር፤ ቃለአብም «እኔ አይደለሁም» ከማለት በቀር የሚያቀርበው ነገር አልነበረውም።

«ቲቸር፣ ጽሑፌ አይነበብም። በደንብ ገልብጬ ላምጣ?» አለች ተስኒም። ለምን እንዳለች እሷም አላወቀችም።

አቶ ገብረትንሣኤ ሰዓታቸውን አዩ። «ሃያ ደቂቃ።»

ከቢሮው ውጪ አግዳሚው ላይ የቃለአብ እናት እትዬ አስካለ ተቀምጠዋል። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ሎሚና ቃሪያ ሲሸጡ ተጠርተው ስለመጡ ሽርጣቸውን እንኳ አልፈቱም። «የኔ ልጅ፣ አለቃዋ አንቺ ነሽ አይደል?» አሏት። ተስኒም «አዎ» ብላ አንገቷን ደፍታ አለፈች።

ደረጃው ላይ ጓደኛዋ እየሩስ ትጠብቃት ነበር።

«አለቀ?»

«አላለቀም። ጠዋት ቲቸር መርሻ ያስተማሩንን አስታወስሽ?»

የአማርኛ አስተማሪያቸው ጠዋት ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ሥለው፣ «ይህ ካፌ ጥሩ ነው። ለምን? ሰው ይሰለፍበታል። ሰው ለምን ይሰለፍበታል? ጥሩ ስለሆነ ነዋ!» ሲሉ የፒያሳ ልጅ ሁሉ አውካክቶ ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ይህ የክርክር ሕጸጽ ነው። ማስረጃው ዞሮ ዞሮ ራሱን ነው የሚጠቅሰው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ አብራችሁ አትዙሩ፤ መጀመሪያ የተገባበትን በር ፈልጉ» አሉ።

«ቃለአብ ረባሽ ነው» አለች ተስኒም። «ለምን? አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተጽፏል። ለምን ተጻፈ? ከኋላ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ማን እንደሆነ ሳላይ እሱን እጽፋለሁ። ለምን? ረባሽ ነዋ!»

«አታካብጂ ባክሽ። ልጁ ያወራል።»

«ሁላችንም እናወራለን።»

ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠችው። ጥር፣ ታኅሣሥ፣ ኅዳር፣ ጥቅምት። መስከረም ሃያ አራት ላይ ቆመች። የመጀመሪያው ገጽ፣ የቃለአብ ስም፣ አንድ ኤክስ። ጆሮዋ ጋለ። ያን ቀን ዴስክ እየደበደበች የሳቀችው እየሩስ ነበረች። ቃለአብ የዞረው ማን እንደሳቀ ለማየት ነው። የጓደኛዋን ስም መጻፍ ሞት ስለሆነባት የዞረውን ልጅ ጻፈች። በማግስቱም ድምፅ ስትሰማ ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ወደዚያው ጥግ ነበር።

እየሩስም ቀኑን አየችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ልትናገሪብኝ ነው?»

«ስምሽን አልጠራም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ፋራ አትሁኚ! አለቃነትሽን ይነጥቁሻል። ደግሞ ማይክሮስኮፑን እውነትም እሱ ሰብሮት ቢሆንስ?»

ይህ ጥያቄ ተስኒምን ያዛት። ሊሆን ይችላል። አባቷ ጋሽ ረሻድ ትዝ አሏት፤ ጊዮርጊስ ጋ ባለችው የልብስ ስፌት ሱቃቸው ለገባው ደንበኛ ሁሉ «ልጄ እኮ አለቃ ናት» ይላሉ። ከእንግዲህ ምን ሊሉ ነው? ፈራች፣ በጣም ፈራች።

«እሱ ይስበረው አይስበረው አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «ግን ይሄ ደብተርም አያውቅም።»

እየሩስ ቦርሳዋን አንስታ ብቻዋን ደረጃውን ወረደች።

ተስኒም ስትመለስ እትዬ አስካለ ከአግዳሚው ብድግ አሉ። ቢሮው ውስጥ ሦስት አስተማሪዎች ተቀምጠዋል፤ ቃለአብ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ግድግዳው ሥር ቆሟል።

«ገለበጥሽው?» አሉ አቶ ገብረትንሣኤ።

«አልገለበጥኩትም፣ ቲቸር።»

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የመጀመሪያውን ገጽ ከፈተችው። ጣቷን ኤክሷ ላይ አሳረፈች።

«ከዚህች ልጀምር» አለች። «ያን ቀን ቃለአብ አልረበሸም። እያወቅኩ ነው የጻፍኩት።»