የእናት ዜግነት

የመሪጌታ ወልደ ጻድቅ አስከሬን የተገኘው ሐሙስ ጠዋት፣ ከገዛ ጓሯቸው ገደል ሥር ነው። ፖሊሱ አምሳ አለቃ አስማረ ሲደርስ የሰቆጣ ሰው ግማሹ አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያያል፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ገበያው ደግሞ ሰዓቱን ያያል።

«ሰውዬው ራሱን ወርውሮ ነው፤ ደብዳቤም ትቷል» አለ ገበያው የአስማረን እጅ እየጨበጠ። «ባትደክም ይሻላል፣ ጓድ አምሳ አለቃ። መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ደሴ ይነሣል፤ ዓረቡን መጫን አለብን።»

ዓረቡ የሚለው ሰላሕን ነው። ሰላሕ ሰቆጣ ተወልዶ፣ ሰቆጣ ሱቅ ከፍቶ፣ ከሚስቱ ከሐሊሜ አራት ልጅ ያፈራ ጨርቅ ነጋዴ ነው። አባቱ ከየመን የመጣ ስለነበር፣ በዚያ በ፲፱፻፸ ዓ.ም. የካቲት ወር «የውጭ አገር ሰው» ተብሎ ከአገር እንዲወጣ ታዘዘ። ከደሴ ወደ አሰብ፣ ከአሰብ በመርከብ አይቶት ወደማያውቅ አገር። አቤቱታውን የጻፉለት መሪጌታ ናቸው። ዛሬ ጠዋት የአውራጃው አስተዳዳሪ ፊት ቀርበው ሊከራከሩለትም ቀጠሮ ነበራቸው። ጠበቃው ገደል ሥር ተዘርግተው የመኪናው ሰዓት የሚያስጨንቀውን ይህን ሰው አስማረ ትቶት አለፈ።

ወደ ገደሉ ወረደ። የመሪጌታ ጥምጥም ተፈትቶ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሏል። አንሥቶ ሲያየው ከእጥፋቱ ውስጥ የመቃ ብርዓቸው እንደተሰካ ነው። ጫፉ ታጥቦ ደርቋል። መሪጌታ ጽፈው ሲጨርሱ ብርዓቸውን አጥበው ጥምጥማቸው ላይ መሰካታቸውን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ልጆችም ይስቁባቸው ነበር።

ከዚያ ወደ ቤታቸው ገባ። የመጻፊያ ሰሌዳው ላይ ጥላሸት የሚመስለው ቀለማቸው በቀንድ ተቀምጧል። አጠገቡ ጫፉ የተሰነጠቀ ሌላ ብርዕ ተጥሏል፤ ቀለሙ አልተጠረገም። ከብርዑ ሥር ያለው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«እኔ ወልደ ፃድቅ፣ የውጭ አገር ሰው የሆነውን ሠላህን ኢትዮጵያዊ ነው ብዬ በሀሰት በመፃፌ ህሊናዬ ስለወቀሰኝ ራሴን አጥፍቻለሁ። የፃፍኩትም አቤቱታ ውድቅ እንዲሆን አስታውቃለሁ።»

አቤቱታው ራሱ ግን የለም። አስማረ ልጅ ሳለ ሁለት ዓመት ከመሪጌታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ቆጥሯል፤ አለንጋቸውንም ቀምሷል። ጣቱን የሟቹ ስም ላይ አቁሞ ፊደሉን አንድ በአንድ አየና ወረቀቱን ኪሱ ከተተው።

ባለቤታቸው ወለተ ሰንበት ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ካህናቱ ራሱን የገደለ አይፈታም አሉኝ» አሉ። «አርባ ዓመት ያስተማሩትን ሰው ያለ ፍትሐት ልቅበራቸው?»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ እናቴ። ትናንት ማን መጣ?»

«እኔ ወደ ለቅሶ ስወጣ ሰላሕ አብሯቸው ነበር። ኋላ ገበያውም፣ ያ የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ምንዋጋውም ሲገቡ ጎረቤቴ እታለም አይታለች። ማን ቀድሞ ማን እንደቀረ ግን አላወቀችም። እኔ ስመለስ የሉም፤ ደብሩ ያደሩ መስሎኝ ተኛሁ።» እንባቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ተኛሁ እኮ።»

ሰላሕ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ግቢ፣ ከጭነት መኪናው ጎን በዘበኛ ተጠብቆ ቆሟል። እጆቹ ታስረዋል። ጣቶቹ ንጹሕ ናቸው።

«አምሳ አለቃ፣ እኔ እሳቸውን?» አለ ገና ሳይጠየቅ። «ከሳቸው ሌላ ማን አለኝ?»

«የመጨረሻ ጊዜ ምን ተባባላችሁ?»

«ነገርህ አንድ መስመር ላይ ነው አሉኝ። ከእናትም ሆነ ከአባት በአንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል ሕጉ። እናቴ የዚሁ አውራጃችን፣ የጽጽቃ ልጅ ናት። ትናንት ጠዋት እዚህ መጥተው የምዝገባ ቅጼን አይተዋል። ‹ነገ አስተዳዳሪው ፊት ጉድ ይወጣል› ብለው ሳቁ። ምን እንዳዩ አልነገሩኝም።»

ገበያው እዚያው ግቢ ይንጎራደዳል። አስማረ ጠጋ አለው።

«ትናንት መሪጌታ ዘንድ ምን ወሰደህ?»

«አቤቱታውን ተው ልለው ነዋ። የዓረቡ ሱቅ ለቀበሌው ይሆናል፤ መደርደሪያውን ሳይቀር ለክተናል። እምቢ አለኝ፤ ሄድኩ።»

«ሰውየው ገና ሳይሄድ ለካችሁት?»

«ምን ነውር አለው?» አለ ገበያው፤ እውነትም ነውሩ አልታየውም። አስማረ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ቢሮው ገባ።

ምንዋጋው የውጭ ሰዎችን መዝገብ የሚይዝ ጸሐፊ ነው። አስማረ እጁን ሲዘረጋለት ጣቶቹን አጥፎ አንጓውን ሰጠው።

«ይቅርታ፣ እጄ እርጥብ ነው።»

በዚያው እጁ ይዞት የነበረው ወረቀት ግን ደረቅ ነው።

«መሪጌታ ዘንድ ሄደህ ነበር አሉ።»

«ቀጠሮውን ላስታውሳቸው። ደኅና ነበሩ። ትንሽ ተክዘዋል።»

«የሰላሕን ቅጽ አምጣ።»

ምንዋጋው ምስጢር ነው፣ ከበላይ ፈቃድ ይጠይቃል እያለ ካንገራገረ በኋላ አወጣው። ስም፦ ሠላህ። የአባት ዜግነት፦ የመናዊ። የእናት ዜግነት፦ አይታወቅም። አስማረ ቅጹን ይዞ፣ ምንዋጋውን አስከትሎ ወጣና አስተዳዳሪውን ጓድ ወርቅአገኘሁን ወደ መኪናው አስጠራ። ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። ወለተ ሰንበትም መጡ፤ የደብሩ ካህናት ተከትለዋቸዋል።

«ቶሎ በል፣ ሾፌሩ ሞተር አስነሥቷል» አለ አስተዳዳሪው።

«መሪጌታ ራሳቸውን አልገደሉም» አለ አስማረ። «ብርዓቸው ታጥቦ ጥምጥማቸው ላይ ተሰክቶ አብሯቸው ወድቋል። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ሰሌዳው ላይ በቀረው፣ መቃ ይዞ የማያውቅ ሰው ተጭኖ በሰነጠቀው ብርዕ ነው። ታዲያ ማን ጻፈው? ስማቸውን እዩ፤ ‹ፃድቅ› በፀሐዩ ፀ። መሪጌታ ጻድቅ የሚባለው በጸሎቱ ጸ ነው እያሉ የስንታችንን ጀርባ ገርፈዋል። አባቶች፣ እሳቸው የገዛ ስማቸውን እንዲህ ይጽፋሉ?»

«ጣታቸውን ቢቆርጧቸው አይጽፉትም» አሉ አንዱ ካህን።

«በዚህ ፊደል የሚሳሳት አገር ሙሉ ነው» አለ ምንዋጋው።

«ልክ ነህ። ገበያው ይሳሳታል፤ እኔም ያለ አለንጋ እሳሳታለሁ። ፊደሉ የሚነግረን መሪጌታ አለመጻፋቸውን ብቻ ነው። የመሪጌታ ቀለም ግን እንደ ቢሮው ቀለም አይደለም፤ ጥፍር ሥር ከገባ ሰንብቶ ነው የሚለቅ። ዛሬ ገበያውን ጨብጬዋለሁ፤ የሰላሕን ጣቶች አይቻለሁ። ደረቅ እጅ ይዞ አንጓውን የሰጠኝ አንተ ብቻ ነህ። እስቲ እጅህን ዘርጋ።»

ምንዋጋው አልዘረጋም። ዘበኛው ጎትቶ ገለጠው። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ በአመድና በሎሚ ተፈትገው ቀልተዋል፤ ጥፍሮቹ ሥር ግን ጥቁሩ እንዳለ ነው።

«ለምን?» አሉ ወለተ ሰንበት። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

አስማረ ቅጹን ወደ ፀሐይ አነሣው። «አይታወቅም» የሚለው ቃል ያረፈበት ቦታ ሣሥቶ ብርሃን ያሳልፋል። በምላጭ ተፍቋል። ከሥሩ የቀድሞው ጽሕፈት ደብዝዞ ይነበባል፦ ኢትዮጵያዊት።

«መሪጌታ ብራና ሲፍቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አንድ ጊዜ ማየት በቅቷቸዋል» አለ። «ዛሬ ሊናገሩት ነበር።»

ምንዋጋው በሌላው እጁ ደረት ኪሱን ሸፈነ። «ከላይ መጠይቅ መጣ» አለ። «በአውራጃው ያሉ የውጭ ሰዎች ቁጥር ስንት ነው ይላል። ፈልጌ አጣሁ። የለም ብዬ ልጻፍ? የለም ያለ ጸሐፊ ደሴ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? አንድ ሰው ብቻ ነው ያስፈለገኝ። መዝገቡ ባዶ ነበር።»

ባዶ መዝገብ እንዳያሳፍረው የሰው እናት በምላጭ ፍቆ፣ ያንን ያዩ ሽማግሌ ወደ ገደል ገፍቶ፣ ተቀምጦ ደብዳቤ የጻፈላቸው ሰው አሁን እንዲታዘንለት ይጠብቃል። አቤቱታውን ከምንዋጋው ደረት ኪስ አወጡት። እንዳልተከፈተ ሁሉ በወግ ታጥፏል።

አስተዳዳሪው ወደ መኪናው ዞረ። «የሚያሳዝን ነው። ግን ቁጥሩ ተልኳል። የጉዞው ወረቀት አንድ ሰው ይላል። ባዶ መኪና ልስደድ?»

አስማረ የሰላሕን ሰንሰለት ፈትቶ ምንዋጋው እጅ ላይ አጠለቀው።

«አንድ ሰው ይሄዳል» አለ። «ደሴ ፍርድ ቤት አለ።»

ምንዋጋውን ጫኑት። ካህናቱ የወለተ ሰንበትን ክንድ ደግፈው ለፍትሐቱ ወደ ደብሩ ሄዱ። ገበያው የሱቁን ልክ የያዘበትን ገመድ ኪሱ ውስጥ እየጠቀለለ በአጥሩ ጥግ ወጣ።

አስማረ ቅጹን መኪናው የቆመበት ድንጋይ ላይ ዘረጋና የአስተዳዳሪውን እስክርቢቶ ተቀበለ። ‹ሠላህ› የሚለውን ሰረዘው።

«ስምህ እንዴት ይጻፋል?»

«በእሳቱ ሰ፣ በሐመሩ ሐ» አለ ሰላሕ የእጁን አንጓ እያሻሸ። «ቁርአኔን ከሼኩ፣ ፊደሌን ከመሪጌታ ነው የተማርኩት። ከቄሱ ልጆች ጋር እኩል ገርፈውኛል።»

አስማረ ጻፈ። ከተፋቀው ቦታ ጎን፣ ወረቀቱ እንዳይቀደድ ቀለል አድርጎ፣ «ኢትዮጵያዊት» ብሎ መለሰው።

«የእናትህስ ስም?»

«ረሒማ» አለ ሰላሕ ወደ ቅጹ ጎንበስ ብሎ። «እሷም በሐመሩ ነው።»