የተመለሰው ሣር

ሽማግሌው ከዳገቱ ሥር ባለው ቦረቦር ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። አጠገቡ የአማቹ መዶሻ በደም ተነክሮ ተጋድሟል። ታዲያ ከዚህ ወዲያ ምን ምርመራ ያስፈልጋል? የሟቹን ታላቅ ልጅ ብትጠይቁት ምንም!

«አጥር ሠሪ ብለን አስገባነው፣ እህቴን አገባ፣ አሁን ደግሞ አባቴን ገደለ» አላት መርማሪዋን፣ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ። «ውሰጂልንና እንገላገል!»

መርማሪዋ አጭር፣ ደረቅ ሴት ናት። ሰው ሲጮህባት እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። አማቹ በበጎቹ በረት ውስጥ በካቴና ታስሮ፣ አንድ ፖሊስ እየጠበቀው ተቀምጧል። ሚስቱ፣ የሟቹ ሴት ልጅ፣ ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር፣ የበረቱን ደጃፍ ይዛ አልነቃነቅ ብላለች። ባሏ ተጭኖ ከሄደ ልጇ አባቱን የሚያውቀው ከእስር ቤት ፍርግርግ ጀርባ ነው። ወንድሟ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ግን ቅንጣት አላዘነላትም።

«ለምን ይገድላቸዋል?» አለች መርማሪዋ።

«ዓይንና ናጫ ነበሩ እኮ!» ታላቅ ልጅ ወደ ዳገቱ ጠቆመ። «ያ የግጦሽ መሬት አሸዋ ድንጋይ ነው። አፈሩ ስንዝር አይሞላም፣ ከሥሩ አለት ነው። አባቴ ለአጥር ብሎ ሣር የነቀለ ሰው ከነአፈሩ መልሶ ካልተከለ፣ ዳር ዳሩን በጠጠር ካልያዘ አይለቀውም ነበር። ንፋሱ አንዴ ቀዳዳ ካገኘ ዳገቱን አራቁቶት ነው የሚሄደው። ይሄ የከተማ ልጅ ደግሞ እንደ ዶሮ ጭሮ፣ በትኖ ይሄዳል! ተመለስ ሲባል ይሳደባል። አንድ ቀን እንኳ ሣር መልሶ አያውቅም!»

«አንድ ቀን እንኳ?»

«አንድ ቀን እንኳ! ጎረቤት ይመስክር።»

አማቹም አልካደም። «ሣር እንደ ሕፃን አላስተኛም ብያቸዋለሁ። ሰደቡኝ፣ ሰደብኳቸው። እጄን ግን አላነሳሁባቸውም።»

«መዶሻህስ?»

«አጥሩ ሥር ነው የማሳድረው። ይህን የማያውቅ የለም።»

«ወንድም ጋሼ፣ የበጎቹን ነገር ለምን አትነግራትም?» አለች እህት ከደጃፉ። «አባባ ዘንድሮ ዳገቱ ይረፍ፣ በግ እንዳይወጣበት ብሎ አልነበረም? አንተስ መንጋዬ በረሃብ ከሚያልቅ ብለህ ልታንቀው አልደረስክም?»

«አፍሽን ዝጊ! ባልሽ ሲነካ ምላስሽ ይረዝማል!»

መርማሪዋ ጥላቸው ወደ ሬሳው ሄደች። የቦረቦሩ ወለል ጥቁር ጭቃ ነው። የሽማግሌው ኮሌታና ፀጉር ውስጥ የተሰገሰገው ግን የዳገቱ ቀይ፣ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰውዬው ሞቶ ነው ወደዚህ የተጎተተው ማለት ነው። ብቻዋን ዳገቱን ወጣች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ መሬቱ ከአለቱ ጋር ተጣብቆ እንደ ሸክላ ደርቋል። በአጥሩና በትልቁ ቋጥኝ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ስትረግጥ ግን አንድ ቦታ ተረከዟ ረገብ አለ። ተንበርክካ ሣሩን ሳበችው። እንደ ምንጣፍ ተነሣላት፤ ከሥሩ ያለው አለት ደም መጥጧል። ሣሩን እንደነበረ መለሰችው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

«እስረኛው ነገ ጠዋት ይወሰዳል» አለቻቸው ስትወርድ። ታላቅ ልጅ መሬቱ ላይ ተፋ።

ሲነጋ አመዳዩ ዳገቱን በሙሉ ነጭ አልብሶታል፤ የቱ ከየቱ እንደሆነ አይለይም። መርማሪዋ ከመተላለፊያው ማዶ ቆማ ሁሉንም ጠራቻቸው። አማቹ ከፖሊሱ ጋር ቀጥ ብሎ መጣ። እህት ወገቧን ይዛ፣ እያለከለከች ተከተለች። ታላቅ ልጅ መጨረሻ ደረሰና መተላለፊያው መሀል ላይ ቋጥኙን ቧጦ ወጣ፣ ዞሮም ወረደ።

«ለምን ዞሩ?» አለች መርማሪዋ።

«የት ዞርኩ?»

«ነፍሰ ጡር ቀጥ ብላ ያለፈችበትን መንገድ እርስዎ በድንጋይ ላይ ዞሩት።» አመዳዩን በእጇ ጠረገች፤ የተቆረጠው ሣር ዳሩ ታየ። «አባትዎ የተገደሉት እዚህ ነው። ገዳዩ ደም የነካውን ሣር ቆርጦ ጣለ፣ ከሌላ ቦታ ንጹህ ሣር ከነአፈሩ አምጥቶ ተከለበት። ዳር ዳሩን በጠጠር ያዘው። አማችዎ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሣር መልሶ አያውቅም። ማን ነው የነገረኝ?»

ታላቅ ልጅ ዓይኑን ወደ እህቱ ወረወረ።

«እህትዎ ሬሳ አትጎትትም፤ ራሷን ተሸክማ መውጣቱም አቅቷታል። ሣሩ ላይም ሳታውቅ ተራምዳ አለፈች። አዲስ የተተከለ ሣር ሥር እስኪይዝ እንደማይረገጥ እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል። የት እንደተተከለ የሚያውቀው ግን የተከለው ብቻ ነው። እግርዎ ነው ያጋለጠዎ።»

«ዝም ብለሽ ነው የምትቀባጥሪው!» አለ።

«ቆይ እስቲ፣ ሰው ገድለህ፣ ልትሸሽ እየተቻኮልክ ጠጠር ለቅመህ ዳሩን መያዝህ ምን ይሉታል?» አለች መርማሪዋ፤ አሁን አክብሮቱን ትታዋለች።

«ታዲያ ተገልጦ ይደር?» ብሎ ጮኸ። «ንፋስ ይወስደዋል እኮ!»

የተናገረውን እሱ ራሱ የሰማው ዘግይቶ ነው፤ ቋጥኙ ሥር ቁጭ አለ። «አባዬ» አለ፣ እንደ ሕፃን። ፖሊሱ ካቴናውን ከአማቹ እጅ ፈትቶ ለታላቅ ልጅ አጠለቀ።

እህት ወንድሟን ዞራ አላየችውም። እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ባሏ ላይ አፈጠጠችበት።

«ምን ይገትርሃል? ሣሩን ረግጠነዋል እኮ! መልሰው እንጂ።»

ባሏ ካቴናው የበላውን የእጁን አንጓ እያሸ አያት። ከዚያ ተንበረከከና ጠጠር መልቀም ጀመረ።