የአንዱ ቁልፍ በሌላው በር

ያኔ የምሠራበት ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት የአሮጌ ወረቀትና የቀለም ሽታ ነበረው። የክፍሉ እመቤት እትዬ መዝገብ ይባሉ ነበር፤ ትክክለኛ ስማቸውን ሁላችንም ረስተነዋል፣ እሳቸውም ሳይረሱት አይቀሩም።

የሠላሳ ዓመቱን የተማሪዎች ውጤት ከካርድ ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ አራት ዓመት ፈጀባቸው፤ የሚተይቡት በሁለት ጣት ነበርና። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ሠላሳ አዳዲስ ኮምፒውተሮች መጡ። የኮምፒውተር ባለሙያው እኔ ነበርኩ። አንዱን አዘጋጅቼ ሌሎቹን ከእሱ ገለበጥኳቸው። የጥበቃ ማስተካከያዎቹን እንደመጡ ተውኳቸው። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በሠላሳውም ላይ አንድ ነበር፤ ሰው ሺህ ጊዜ ቢሳሳት እንኳ በቃህ የሚለው አልነበረም። በሁለት ቀን ጨርሼ ደረቴን ነፋሁ።

እትዬ መዝገብ በመነጽራቸው አናት አዩኝ።

«ልጄ፣ የእኔ ቁልፍ የእንግዳ መቀበያውንም ይከፍታል?»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ በር አይደለም።»

«እሱስ ገባኝ። ይከፍታል ወይ ነው የምልህ?»

«ይከፍታል። ታዲያ ምን አለበት? የሠሩት ሰዎች ከእኛ በላይ ያውቃሉ። እንደመጣ መተው ነው የሚሻለው።»

ፈገግ አሉና የድሮ ነገር አጫወቱኝ። ሥራ በጀመሩ ሰሞን አናጺው ለአሥራ ሁለት በር አሥራ ሁለት ጓጉንቸር አምጥቶ ነበር። እሳቸው እያንዳንዱን ቁልፍ በሁሉም ላይ ሲሞክሩ ዋሉ። ሰባቱ በአንድ ቁልፍ ተከፈቱ!

«ሠሪው የእኛን በር የት ያውቀዋል?» አሉኝ። «ውስጡ ያለውን የማውቀው እኔ ነኝ።»

«እሺ፣ ሰኞ አስተካክለዋለሁ» አልኩ። ስንት ሰኞ አለፈ!

አንድ ማለዳ ስንገባ የኮምፒውተሮቹ ፋይል ሁሉ ተቆልፏል፤ የሚከፈተው ገንዘብ ስትከፍሉ ነው የሚል መልእክትም ተጽፎበታል። ሌባው ከሩቅ ሆኖ በእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃሉን እየገመተ፣ ደግሞ እየገመተ ገባ። በዚያው ቃል መዝገብ ቤቱንም፣ መጠባበቂያ ቅጂው ያለበትንም ከፍቶ ሁሉንም ቆለፈብን። አለቆች የዚያኑ ዕለት የጥበቃ መመሪያ አወጡ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እትዬ መዝገብ አልጮኹም። ከቁም ሣጥኑ የመጀመሪያውን ካርድ አውጥተው አቧራውን እፍ አሉና፣ «በል፣ ከሀ እንጀምር» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጡረታቸው ሲደርስ ገና ሰ ላይ ነበሩ። የአራት ዓመት ድካማቸው ተመልሶ ሳያዩት ወጡ። የቀረውን እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየገባሁ ስተይብ ሁለት ዓመት ሄደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ያኔ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ እትዬ አዲስ ኮምፒውተር መጣ ሲባል ከሰሙ ይደውሉልኝ ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ፣ «ሞከርከው?» ይሉኛል።

እናንተም የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የምታዘጋጁ ሁሉ፣ አብሮ የመጣው ማስተካከያ ለሁሉም ተብሎ የተሠራ እንጂ ለእናንተ በር የተለካ አይደለም። ለሰው ከማስረከባችሁ በፊት የአንዱን ቁልፍ በሌላው ላይ ሞክሩት። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

እትዬ መዝገብ አሁን በሕይወት የሉም። እኔ ግን ሥራ በጨረስኩ ቁጥር የአንዱን ቃል በሌላው ላይ አስገባለሁ፤ አልከፍትም ሲለኝ ደስ ይለኛል። ከዚያ ስልኬን አየት አደርጋለሁ። አይጠራም።

«ሞክሬዋለሁ፣ እትዬ» እላለሁ፣ ለብቻዬ።