በቀዳዳው የወጣው ሲባጎ

እኔ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ፊውዙን የማይ ሰው ነኝ፣ ጎረቤት ጠበል ሲል እኔ ቴስተር አነሳለሁ፣ ስለዚህ የምነግርህን ስትሰማ ለመንፈስ ወሬ ጆሮ ሰጥቼ የማላውቅ ሰው መሆኔን ያዝልኝ። ደግሞም ነገሩ የሆነው በጨለማ አይደለም፣ ሰበታ ውስጥ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐዩ የጣራውን ቆርቆሮ እያንጣጣው ነው።

ዓለም በጦርነት ከጠፋች በኋላ በረሃ በሆነ አገር ላይ ብቻህን የምትዞርበት አንድ የድሮ የኮምፒውተር ጨዋታ አለ፣ ተከታታይ ነው፣ አዳዲሶቹም ወጥተዋል፣ ወንድሜ ገመቹና እኔ ግን ከድሮዎቹ አልተላቀቅንም፣ «በረሃው» እንለዋለን። ምኑ ነው የማይሰለቻችሁ ይሉናል፣ እውነት ነው ምስሉ አያምርም፣ ያረጀ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ማውስ ብቻ የሚሄድ ነገር ነው፣ ግን አይረሳም። በየመንደሩ ያዳንከውን፣ የሰረቅከውን፣ የገደልከውን ይይዝብሃል፣ መጨረሻ ላይ የየመንደሩን ምስል እያሳየ በአንተ ምክንያት ምን እንደደረሰበት ይነግርሃል። ከዚያች ሰዓት ያመለጠ ተጫዋች የለም።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ነው። ገመቹ ባጃጅ ነጂ ነበር፣ ሰልፍ ላይ እጁን አጣምሮ ሲቆም ሰው ሁሉ አይቶታል። ወታደሮች ሌሊት እየመጡ ወጣት ሲለቅሙ እሱ ዕቅድ ነበረው፣ የግቢው በር ሲደበደብ ከሰማ በጓሮ አጥር ዘሎ ወደ ወንዙ መውረድ። ግን የእኛ በር አልተደበደበም። ሌላው ጋ በር ሰብረው ሲገቡ የእኛ ዝም ብሎ ተከፈተላቸው፣ ገመቹን አልጋው ላይ ያዙት። የሚያውቀን ሰው መርቷቸዋል አልኩ፣ ያ ሰው ደግሞ ለእኔ አንድ ነበር፣ ጎረቤታችን ኦቦ ዳባ፣ የአንድ ለአምስት ጠርናፊ፣ የአምስት ቤት ወሬ ለቀበሌ የሚያደርሱ ማለት ነው፣ በዋዜማው ደብተር ይዘው ቀበሌ ሲገቡ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቤ አንቱ ማለቱን ተውኩት።

የጨዋታ ፋይል ፈታትቶ መቀየርን ራሴን በራሴ አስተምሬያለሁ። በአስራ ሁለት ቀን ሰፈራችንን «በረሃው» ውስጥ ሠራሁት፣ ዳባን ከነግራጫ ኮቱ፣ ከነከዘራው አስገባሁት። የግቢያችንን በር ከውጭ እንደሚታይ ነጥብ በነጥብ ሳልኩት፣ ዝገቱን፣ ታች ያለውን ጭረት፣ የሲባጎውን ቀዳዳ። ሲባጎው መቀርቀሪያው ላይ ታስሮ በቀዳዳው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ያመሸ ሰው ስቦ ይገባል። በዚያ ወር ግን ሲመሽ ሁሉም ቤት ሲባጎውን ወደ ውስጥ ይመልስ ነበር፣ ይህም መጨረሻ የሚገባው ሰው ሥራ ነው። ስለዚህ ስዕሌ ላይ ሲባጎ የለም፣ ባዶ ቀዳዳ ብቻ፣ እመነኝ፣ የሳልኩት እኔ ነኝ። የመቀርቀሪያውን ድምፅ እንኳን በስልኬ ቀድቼ አስገባሁት፣ ቀጭ የሚለውን።

ከዚያ መግደል ጀመርኩ። በጥይት፣ በቢላ፣ ውኃ ከልክዬ። አስራ ዘጠኝ ጊዜ ገደልኩት፣ በእያንዳንዱ መጨረሻ ላይ በራችን እየመጣ ከሥሩ «ጠቋሚው ሞተ፣ ሰፈሩም ልጁን መልሶ አገኘ» የሚለው ጽሑፌ ይነበባል፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ይጣፍጥ ነበር። ግን አላጠገበኝም። የገመቹ ጓደኛ ቶለሳ ጠቋሚውን እየፈለግን ነው ሲለኝ አውቀዋለሁ አልኩት፣ ስም መንገድ ላይ አይነገርም፣ ነገ አስር ሰዓት ቤት እመጣለሁ አለኝ። በስሙ ምን እንደሚያደርጉ አልጠየቅኩም፣ የያዘውን ቤንዚን የሚሸት ቢጫ ጀሪካን ግን አይቻለሁ።

በማግስቱ ከቤት ያለመውጣት አድማ ነበር፣ ጅማ መንገድ ላይ አንድ ሚኒባስ የለም፣ እናቴ ለቅሶ ቤት ናት። ቶለሳ እስኪመጣ ዳባን ለሃያኛ ጊዜ ልገድለው ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ድምፁ ነው። ቀጭ። ጨዋታው ውስጥ በሩ አጠገብ ማንም አልነበረም፣ ድምፁ ደግሞ የሚሰማው ሰው በሩን ሲከፍት ብቻ ነው። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ቀጭ። ወጥቼ የእውነቱን በር አየሁ፣ ዝግ ነው። ተመልሼ የስፒከሩን ገመድ ነቀልኩት። ቀጭ። ግትር ነኝ፣ ገደልኩትና ወደ መጨረሻዎቹ ምስሎች አለፍኩ።

የእኛ ሰፈር መጣ። ጽሑፌ የለም። በሩ ብቻ፣ ዝገቱ፣ ጭረቱ፣ ቀዳዳው፣ ከቀዳዳው ደግሞ ነጭ ሲባጎ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፣ ጫፉ ላይ ሁለት ቋጠሮ፣ ልክ እንደ እኛው። ፎቶ በለው፣ የማይንቀሳቀስ ምስል ነው፣ ግን እያየሁት ሲባጎው ቀስ ብሎ ተወጠረ፣ ከስክሪኑ በዚህ በኩል፣ እኔ ከተቀመጥኩበት በኩል የሚስበው ሰው ያለ ይመስል።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፣ ወይም ረስቼው አልነበረም። ገመቹ የተያዘ ዕለት መጨረሻ የገባሁት እኔ ነኝ። የምሠራበት ሱቅ እንዳይዘረፍ ፈርቼ ይህንኑ ኮምፒውተር በሁለት እጄ ታቅፌ፣ በሩን በተረከዜ ገፍቼ ዘጋሁት፣ ሲባጎውን የሚመልስ እጅ አልነበረኝም።

ቀጭ አለ፣ አሁን የእውነቱ በር ነው፣ ቶለሳ ገባ።

«እሺ፣ ማል ጄታ?» አለኝ ሳይቀመጥ፣ ምን ትላለህ ማለቱ ነው።

እርግጠኛ አይደለሁም አልኩት።

«ትናንት እርግጠኛ ነበርክ» አለና ኮምፒውተሩን በአገጩ አሳየኝ። «እዚህ ውስጥ ጀግና ነህ አሉ።»

እሱ ሲወጣ የስዕሉን ፋይል ከፈትኩት። ሲባጎ የለም፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካበት ቀንም እኔ የጨረስኩበት ቀን ነው።

የኦቦ ዳባ ቤት ዛሬም ቆሟል። ጠዋት ጠዋት «ነጋ ቡልቴ?» ይሉኛል፣ ደህና አደርክ ወይ፣ እኔም አጎንብሼ እመልሳለሁ። ግን አልዋሽህም፣ አሁንም እጠላቸዋለሁ፣ ጥፋተኛው እሳቸው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር።

ገመቹ በተያዘ በስምንተኛው ወር ተፈታ። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፣ ባጃጁ ቀርቷል፣ «በረሃው» ግን በአንድ ማውስ ይሄዳል ብዬሃለሁ፣ ቀኝ እጁ ይበቃዋል፣ ሲጫወት ይውላል። ባለፈው እሁድ «አንድ ሰው አስገባልኝ፣ ልገድለው እፈልጋለሁ» አለኝ። ኦቦ ዳባ ከሆኑ ፋይላቸው ተሠርቷል አልኩት።

«እሳቸው ምን አደረጉኝ?» አለ። «ሲያወጡኝ አይቼዋለሁ፣ ሲባጎው ውጭ ነበር። እሱን የተወውን ሰው ነው የምልህ።»

ምን ላልብሰው አልኩት። ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም።

«አንተ ታውቃለህ» አለ።

እየሠራሁት ነው። ጫማውን ጨርሻለሁ፣ ሱሪውን ጨርሻለሁ፣ ሁለት እጆቹን አንድ ሣጥን አስታቅፌያቸዋለሁ፣ የቀረኝ ፊቱ ነው። ስሠራ የስፒከሩን ገመድ ነቅዬ ነው፣ ገመቹ ከኋላዬ ተቀምጦ ያየኛል፣ እና በየመሐሉ ቀጭ ሲል ሁለታችንም ዞር አንልም።