የአሚን ቦታ

ወላሂ፣ ሆኗል። ጀላል እባላለሁ። ሌሊት አልነበረም፤ ጠራራ ፀሐይ ነው። ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ጓደኛዬ አግማስ ሞባይል የሚጠግንበት ክፍል ውስጥ።

የስልኬ ባትሪ እንደ አምባሻ አብጧል።

"ይሄ ነገር ቤትህን ያቃጥላል፤ ጣለው" አለኝ አግማስ። "ድምፅዋን እንደሆነ ያኔ ባረፈች ሰሞን ቀድቼልሃለሁ።"

ድምፁ የባለቤቴ የሱሀይላ ነው። ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ዱዓ አድርጋ ነበር የምትሸኘኝ። አንድ ቀን ሳልቀሰቅሳት ወጣሁ። መንገድ ላይ ሳለሁ በስልክ ቀርጻ ላከችልኝ። ሰባት ዱዓ። በየመሃሉ "አሚን" የምልበት ቦታ ትታልኛለች።

ካረፈች ዓመት ሆናት። በየጠዋቱ እከፍተዋለሁ፤ በየቦታው "አሚን" እላለሁ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ስለሌለ የሚስቅብኝ የለም።

"ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ አይደለም" አልኩት።

"አንተ ደግሞ! ጆሮህ ነው" ብሎ ሳቀ።

"ፈትነኛ።"

ዋናውን ከስልኩ ወደ ኮምፒውተሩ አሸጋገረው። ስልኩ ወዲያው ጠፋ።

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞረኝ። አንዱን ከፈተ... ሌላውን ከፈተ...

"የቱ ነው?"

አሥር ጊዜ ጠየቀኝ። አሥሩንም አገኘሁ።

"በምን ለየኸው?" ሳቁ ጠፍቷል።

"ቅጂው ላይ ብቻዋን ናት።"

ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

"እሺ፣ የአንዱን የድምፅ ሞገድ ላዩን ወደ ታች ገልብጬ ሌላው ላይ ልጫነው። አንድ ከሆኑ ይጠፋፋሉ። የሚተርፈው ልዩነታቸው ነው።"

ከፈተው። ጭጭ።

"አየህ?" ብሎ ስፒከሩን እስከ መጨረሻው ለቀቀው...

"አሚን።"

የእኔ ድምፅ ነው። ጉሮሮዬን ያልጠረግኩበት፣ የጠዋት ድምፄ።

"አሚን..."

አግማስ በጣቱ ይቆጥራል። ሰባት።

ከዚያ... ስምንት።

"ዱዓዋ ሰባት አይደል እንዴ?" አለ በሹክሹክታ።

ከረመዳን ወዲህ የሷ ሲያልቅ እኔም አንድ ዱዓ አስከትላለሁ። ለሰው ተናግሬው አላውቅም።

"ያ አላህ፣ ቶሎ አገናኘን" ነው የምለው።

ስምንተኛው አሚን የእኔ ድምፅ አልነበረም።

የሴት ነው።

"ድገመው" አልኩ።

ደገመው። መጀመሪያ ከሩቅ ነበር። አሁን... ቀረብ ብሏል።

አግማስ "በስመ አብ!" ብሎ የስፒከሩን ገመድ ነቀለ። "ጣለው ጀላል! አሁኑኑ!"

ስልኩን አንስቼ ደረት ኪሴ ከተትኩት። ከጠፋ ሰዓት አልፎታል።

ይሞቃል...

እንደ ሰው መዳፍ።